የፊላዴልፊያ ባቡር ብራዚል ውስጥ ምን ይሠራል?

ጥያቄ፦ «ሰላም ጋሼ። ለሥራ ሳኦ ፓውሎ ሄጄ በዕረፍት ቀኔ ወደ ሚናስ ጄራይስ ብቅ ብዬ ነበር። ከሳኦ ዦዋኦ ዴል ሬይ እስከ ቲራደንቴስ በእንፋሎት ባቡር ተሳፈርኩ። ፉርጎዎቹን ከፊት የሚጎትተው ሎኮሞቲቭ ጎን ላይ ያለው ክብ ሰሌዳ ‹ባልድዊን፣ ፊላዴልፊያ› ይላል። እኔ የማውቀው ደቡብ አሜሪካን በባቡር ያገናኟት እንግሊዞች መሆናቸውን ነው። ታዲያ የአሜሪካ ባቡር እዚያ ምን ይሠራል? ከእንግሊዙ ስለሚሻል ነው? ዕድሜውንስ ከሰሌዳው ላይ ማወቅ ይቻላል?»

መልስ፦ ያወቅሽውም ልክ ነው፣ ያየሽውም ልክ ነው። እንግሊዞች በአርጀንቲና፣ በኡራጓይና በብራዚል ትልልቅ መስመሮችን ይዘው ነበር። አሜሪካኖቹ ደግሞ ወደዚያው አህጉር በሺህ የሚቆጠሩ ሎኮሞቲቮች ልከዋል። «ስለሚሻል ነው?» ላልሽው ግን መልሴ አይደለም ነው። የአሜሪካው ባቡር የተመረጠው ሐዲዱ መጥፎ ስለነበረ፣ ገንዘቡ ጥቂት ስለነበረና ገዢው ስለቸኮለ ነው። ሦስቱንም አንድ በአንድ እነግርሻለሁ። ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ያዢልኝ።

መጀመሪያ ገንዘቡን እንይ። ባቡሩን የሚመርጠው ባለገንዘቡ ነው። የአርጀንቲና ትልልቅ የባቡር ኩባንያዎች ቦርዳቸው የሚሰበሰበው ለንደን ነበር። አማካሪ መሐንዲሱም የሚቀመጠው እዚያው ነው። ሎኮሞቲቭ ሲያስፈልግ ትእዛዙ ወደ ማንቸስተር፣ ወደ ግላስጎው ወይም ወደ ሊድስ ይሄዳል። ሐዲዱም፣ የድንጋይ ከሰሉም፣ ባቡሩም ከአንድ አገር ይመጣል። አርጀንቲና መስመሮቹን ገዝታ የራሷ እስካደረገችበት እስከ 1948 ድረስ ነገሩ በአብዛኛው እንዲሁ ነበር።

አሜሪካኖቹ የገቡት ይህ ትስስር በላላበት በኩል ነው። መንግሥት ራሱ በሚያሠራው መስመር ገቡ። አሜሪካዊ ተቋራጭ በያዘው መስመር ገቡ። በጥቂት ገንዘብ በተዘረጋ መስመርም ገቡ።

ፔሩን ውሰጂ። በ1870ዎቹ ከሊማ ወደ አንዲስ ተራሮች የሚወጣውን መስመር የያዘው ሄንሪ ሜግስ የሚባል አሜሪካዊ ነበር። ሰውዬው ካሊፎርኒያ ውስጥ ዕዳ ቆልሎ የተሰወረ ነው። ፔሩ ሲደርስ ግን የአገሪቱ አንደኛ የባቡር ተቋራጭ ሆነ። ሎኮሞቲቮቹ የሚመጡለት ከኒው ጀርሲ፣ ፓተርሰን ከተማ ካለው የሮጀርስ ፋብሪካ ነበር። በ1877 ሞተ። ፔሩ ደግሞ የውጭ ዕዳዋን መክፈል አቃታት። በ1890 አበዳሪዎቿ ለንደን ላይ ፔሩቪያን ኮርፖሬሽን የሚባል ኩባንያ አቋቁመው የባቡር መስመሮቿን በዕዳው ፋንታ ተረከቡ። አሜሪካኖቹ ጨርሰው አልወጡም። ሆኖም በዚያ መስመር ስማቸው የገነነው፣ ከ1935 ጀምሮ የመጡት «አንዲስ» የተባሉት ሎኮሞቲቮች የማንቸስተሩ የቤየር ፒኮክ ሥራ ናቸው። ተራራው ያው ነው፣ ሐዲዱም ያው ነው። የተቀየረው ባለገንዘቡ ነው። የሚገርመው እነዚህ የእንግሊዝ ሎኮሞቲቮች ቁመናቸው ቁርጥ አሜሪካዊ ነው።

ለምን አሜሪካዊ መሰሉ? ወደ መካኒኩ ሥራ እንግባ። እኔ ዋናው ነገር እዚህ ጋ ነው ባይ ነኝ።

እንግሊዝ አገር ሐዲድ ከመነጠፉ በፊት መሬቱ ይደለደላል። ጉብታው ይቆረጣል፣ ሸለቆው ይሞላል፣ ጠጠሩ በደንብ ይጠቀጠቃል። ርቀቱ አጭር ነው፣ ተሳፋሪው ብዙ ነው፣ ገንዘቡም አለ። እንዲህ ባለ ሐዲድ ላይ የሚሄድ ሎኮሞቲቭ ሻሲው ከትልቅ የብረት ላሜራ ይቆረጣል። ውፍረቱ ወደ 3 ሳንቲሜትር ይጠጋል፣ ከፍታው ግን ትልቅ ነው። ግትር ነው፣ ቀጥ ያለ ነው፣ አሠራሩም ያምራል። እንፋሎቱ ፒስተን የሚገፋባቸውን ሲሊንደሮች ብዙ ጊዜ ከሻሲው ውስጥ፣ በጎማዎቹ መካከል ይደብቋቸዋል። ከውጭ ስታይው ጽድት ያለ ነገር ነው።

አሜሪካ ሌላ ዓለም ነበረች። አገሩ ሰፊ ነው፣ ሰዉ ጥቂት ነው። ሐዲዱ በወንዝ ዳር፣ በጫካ ጥግ እየተጠማዘዘ በፍጥነት ይዘረጋል። ማስተካከሉ ባቡሩ ገንዘብ ማምጣት ሲጀምር ይደርሳል። እዚያ ላይ የእንግሊዙ ግትር ሻሲ ጣጣ አለው። ሐዲዱ አንድ ቦታ ጎድጎድ ካለ ከጎማዎቹ አንዱ ክብደቱ ይቀልለታል። ክብደት የቀለለው ጎማ ደግሞ ኩርባ ላይ ሐዲዱን ወጥቶ ይሄዳል።

አሜሪካኖቹ ሻሲውን ከላሜራ መሥራት ትተው ከወፍራም የብረት ዘንግ ሠሩት። ዘንጉ ወደ 10 ሳንቲሜትር ይወፍራል። ሻሲው ሲያልቅ ፍርግርግ ይመስላል። በክፍተቱ እጅ አስገብተሽ ዘይት ታጠጫለሽ፣ ብሎን ታጠብቂያለሽ። ቢሰነጠቅ ጎበዝ አንጥረኛ በእሳት ይጠግነዋል። ሲሊንደሮቹን ደግሞ ወደ ውጭ አወጧቸው። እንግሊዙ በጎማዎቹ መካከል የሚደብቀው ሲሊንደር የተጠማዘዘ አክሰል ይፈልጋል። እሱ ውድ ነው፣ ሲሰበርም በበረሃ የሚሠራ ነገር አይደለም። የአሜሪካው አክሰል ቀጥ ያለ ነው።

ከሁሉም በላይ ግን ባሌስትራው ነው። በእያንዳንዱ ጎማ ላይ ያለው ባሌስትራ ለብቻው አልተወም። ከጎረቤቱ ባሌስትራ ጋር መሐሉ ላይ በሚወዛወዝ የብረት ዘንግ ተያያዘ። ይህን በ1838 በፓተንት ያስመዘገበው ጆሴፍ ሃሪሰን የሚባል የፊላዴልፊያ ሰው ነው። የፊተኛው ጎማ ጎድጓዳ ቦታ ላይ ሲወርድ ዘንጉ ያዘነብላል። ኋለኛው ብቻውን ሸክም አይሸከምም፣ ክብደቱ ለሁለቱም ይካፈላል። እንግዲህ በቀኝ ያሉት ነጂ ጎማዎች (እንፋሎቱ የሚያሽከረክራቸው ትልልቆቹ) እንደ አንድ ድጋፍ ሆኑ፣ በግራ ያሉትም እንደ አንድ። ሦስተኛው ድጋፍ ከፊት ያሉት ትናንሽ መሪ ጎማዎች ናቸው። ሦስት ጉልቻ መሬቱ ቢጎረብጥም ድስቱን አያንገዳግድም። አራተኛ ብትጨምሪበት አንዱ ሁሌም ክፍተት ይተዋል። የአሜሪካ ሎኮሞቲቭ ጠቅላላ ምስጢሩ ይቺ ናት።

እንግዲህ ብራዚልን አስቢያት። ተራራው ከባሕሩ ዳር ጀምሮ ቀጥ ብሎ ይነሳል። ዝናቡ ሐዲዱን ሥሩን ይሸረሽረዋል። ኩርባው ጠባብ ነው። በደንብ የሠለጠነ መካኒክ ያለው ወደቡ ከተማ ላይ ብቻ ነው። ለዚህ ቦታ ገና ከጅምሩ ለመጥፎ መንገድ የታሰበው ማሽን ይሻላል።

ጥሩ ሐዲድ ላይ ያው ማሽን እንዴት እንደሆነ ደግሞ እንግሊዞች ራሳቸው ሞክረውታል። በ1899 አካባቢ የእንግሊዝ ፋብሪካዎች ከሥራ ማቆም አድማ በኋላ በትእዛዝ ተጨናንቀው ነበር። ሚድላንድ የተባለው የእንግሊዝ ባቡር ኩባንያ መጠበቅ ሲያቅተው 40 ሎኮሞቲቮች ከአሜሪካ አስመጣ፣ 30ዎቹ ሰሌዳሽ ላይ ስሙ ያለው የባልድዊን ፋብሪካ ሥራ ነበሩ። ቶሎ ደረሱ፣ ሥራም ጀመሩ። ግን ከእንግሊዞቹ የበለጠ ከሰል በሉ፣ የበለጠ ዘይት ጠጡ፣ ጋራዥም አዘወተሩ። አንደኛው የዓለም ጦርነት እስኪጀምር ድረስ ገደማ ተራ በተራ ተወገዱ። «የተሻለ ነው» የሚለውን የማልቀበለው ለዚህ ነው።

ቶሎ መድረሱ ግን የዋዛ ነገር አይደለም። ለእኛ ቀረብ ያለ ምሳሌ አለ። የእንግሊዙ ጄኔራል ኪችነር ሱዳንን ሲወር ሐዲዱ የእኛ ተከዜ በሚገባበት በአትባራ ወንዝ ላይ ማለፍ ነበረበት። የእንግሊዝ ድርጅቶች ድልድዩን በተፈለገው ጊዜ እናደርሳለን ማለት አልቻሉም። ሥራውን የወሰደው በፊላዴልፊያ አቅራቢያ ያለው የፔንኮይድ ብረት ፋብሪካ ነው። በ1899 ድልድዩ ቆመ። ለንደን ውስጥም ብዙ አወዛገበ።

ባልድዊንም የሚሠራው በዚሁ መንፈስ ነው። መሥራቹ ማቲያስ ባልድዊን ሙያው ጌጣጌጥ ሠሪ ነበር። የመጀመሪያ ሎኮሞቲቩ በ1832 ሐዲድ ላይ ወጣ። ፋብሪካው እያደገ ሲሄድ ክፍሎቹን በልክ መለኪያ አስተካክሎ መሥራት ጀመረ። የአንዱ ሎኮሞቲቭ ዕቃ ለዚያው ዓይነት ለሌላው ይገጥማል። ገዢው ከካታሎግ ይመርጣል። ካታሎጉ ላይ ለየሎኮሞቲቩ ዓይነት አንድ አንድ የቴሌግራም ቃል ተሰጥቶታል። ቴሌግራም የሚከፈልበት በቃል ቁጥር ስለነበር ከሪዮ ወይም ከቫልፓራይሶ ያለው ደንበኛ ያቺን አንድ ቃል ልኮ ስለ የትኛው ሎኮሞቲቭ እንደሚያወራ ያስረዳል። የሐዲዱ ስፋት ምንም ቢሆን ይሠሩልሻል። የእኛው የድሮ የጅቡቲ መስመር ስፋቱ አንድ ሜትር ነበር። አንቺ የሄድሽበት 76 ሳንቲሜትር ብቻ ነው። ኮሎምቢያ 91 አላት፣ ኢኳዶር 107፣ የፓታጎኒያው 75። ፋብሪካው ለሁሉም ይሠራል።

አላላኩም ራሱን የቻለ ሥራ ነው። ሎኮሞቲቩ ፋብሪካው ውስጥ ሙሉ በሙሉ ይገጣጠማል፣ ይፈተናል። ከዚያ ይፈታል። ጎማዎቹ ከነአክሰላቸው፣ ሻሲው፣ ሲሊንደሮቹ፣ የነጂው ጎጆ፣ የውኃው ጋን፣ ሁሉም ቁጥር ተመቶበት በየሣጥኑ ይገባል። ሊከፋፈል የማይችለው ቦይለሩ፣ ውኃው ፈልቶ እንፋሎት የሚሆንበት ትልቁ በርሜል፣ ብቻ ነው። ስለዚህ ወደቡ ላይ ያለው ክሬን ቦይለሩን ማንሳት ይችላል ወይ የሚለው ጥያቄ ቀድሞ ይታሰብበታል። ክሬን በሌለበት በታንኳና በበሬ ጉልበት የተጎተተም አለ። ፋብሪካው ብዙ ጊዜ ገጣጣሚ ባለሙያ አብሮ ይልካል። ሰውዬው ሣጥኖቹን ከፍቶ፣ ገጣጥሞ፣ እሳት አንድዶ፣ ሐዲድ ላይ አስኪዶ ያስረክባል።

ከእነዚህ መንገደኞች ቀደምቱን ዛሬም ቺሌ ሄደሽ ማየት ትችያለሽ። «ኮፒያፖ» ይባላል። የሠራው የፊላዴልፊያው ኖሪስ ፋብሪካ ነው፣ ዓመቱ 1850። ያኔ የፓናማ ቦይ የለም፣ ፓናማን የሚያቋርጠው ባቡርም አልተጠናቀቀም። ስለዚህ የአህጉሩን ጫፍ በመርከብ ዞሮ አታካማ በረሃ ዳር ካልዴራ ወደብ ላይ ወረደ። በ1851 መጨረሻ ከካልዴራ ወደ ኮፒያፖ ሄደ። መስመሩ 80 ኪሎሜትር ገደማ ነው፣ የተሠራውም ለብር ማዕድን ነው። የሚገርመው መስመሩን ያቋቋመው ዊሊያም ዊልራይትም አሜሪካዊ ነበር። ሎኮሞቲቩ አሁን ኮፒያፖ ከተማ ዩኒቨርሲቲው ግቢ ውስጥ ቆሟል።

ነዳጁንም ልጥቀስ። በዚያ ዘመን ብዙ የደቡብ አሜሪካ መስመሮች ከሰላቸውን ከዌልስ በመርከብ ነበር የሚያስመጡት። ውድ ነው። ጫካው ውስጥ ግን እንጨት ሞልቷል። አሜሪካኖቹ በአገራቸው በእንጨት ሲነዱ ስለኖሩ ሰፊ ምድጃ መሥራቱን ያውቁበታል። በድሮ ፎቶ ላይ እንደ ጎመራ አበባ ከላይ የሰፋ ጭስ ማውጫ አይተሽ ከሆነ ለጌጥ አይደለም። ውስጡ ወንፊት አለ። ፍንጣሪ ወጥቶ ማሳና የሣር ቤት እንዳያቃጥል ይይዘዋል።

አሁን ወደ አንቺ መስመር። የኦኤስቴ ዴ ሚናስ ባቡር ሳኦ ዦዋኦ ዴል ሬይ የገባው ነሐሴ 1881 ነው። ምረቃው ላይ ንጉሠ ነገሥት ዶም ፔድሮ ሁለተኛ ራሳቸው ተገኝተዋል። እኚህ ንጉሥ ማሽን ነፍሳቸው ነበር። በ1876 ፊላዴልፊያ ላይ የአሜሪካ መቶኛ ዓመት ትልቅ ኤግዚቢሽን ሲከፈት ከፕሬዚዳንት ግራንት ጋር ሆነው ግዙፉን የኮርሊስ የእንፋሎት ሞተር ያስነሱት እሳቸው ናቸው። ባልድዊንም እዚያ ሎኮሞቲቮቹን ደርድሮ ነበር። ቤተ መንግሥቱ እንዲህ ያለ ፍቅር ስላለው ብቻ ነው ብራዚል ከአሜሪካ የገዛችው አልልም። ቀደም ብሎም በ1860ዎቹ በንጉሡ ስም የተሰየመው ትልቁ መስመር ከባልድዊን መግዛት ጀምሮ ነበር። ምክንያቱም ከሪዮ ወደ ላይ የሚወጣው የተራራ ዳገት ነው። ኦኤስቴ ዴ ሚናስ ያንኑ ተከትሎ ጠባቡን መስመሩን በባልድዊን ሞላው። መስመሩ በ1980ዎቹ ሲዘጋ ያቺ 12 ኪሎሜትር ለጎብኚ ተብላ ቀረች። ተመልሰሽ ከሄድሽ ጣቢያው አጠገብ ያለውን ክብ ጋራዥ እንዳያመልጥሽ። ሎኮሞቲቮቹ መሐል ላይ ባለ መዞሪያ ዙሪያ አፍንጫቸውን ወደ ውስጥ አድርገው ተሰልፈዋል።

ብራዚል ውስጥ ሌላም ታሪክ አለ። ማዴይራ ማሞሬ። አማዞን ጫካ ውስጥ፣ ወንዙ በፏፏቴ ስለሚቋረጥ ከዛፍ የሚገኘውን የቦሊቪያን የጎማ ምርት በባቡር ለማሳለፍ የታሰበ መስመር ነው። በ1878 ሥራውን የያዘው ፒ ኤንድ ቲ ኮሊንስ የተባለ የፊላዴልፊያ ተቋራጭ ነበር። ገና ሲጀመር ሠራተኛና ብረት የጫነችው «ሜትሮፖሊስ» መርከብ ሰሜን ካሮላይና ዳርቻ ላይ ተሰበረች፣ ብዙ ሰው አለቀ። የተረፉትና በሌላ መርከብ የሄዱት ጫካ ደርሰው በወባ ተፈጁ። ጥቂት ኪሎሜትር ሐዲድ ተነጠፈ፣ አንድ ትንሽ ባልድዊን ሎኮሞቲቭም ሮጠበት። ስሙን በፕሮጀክቱ ጠንሳሽ በኮሎኔል ጆርጅ ቸርች ስም «ኮሮኔል ቸርች» አሉት። በ1879 ተቋራጩ ከሰረ። ሰዉ ጥሎ ሄደ፣ ሎኮሞቲቩም ጫካ ውስጥ ቀረ።

ወደ ሠላሳ ዓመት ገደማ እዚያው ቆየ። በ1907 ፐርሲቫል ፋርኳር የሚባል ሌላ አሜሪካዊ ባለሀብት ሥራውን እንደገና ሲያስጀምር ሠራተኞቹ በሐረግ ተውጦ አገኙት። ጠግነው አስነሱት፣ ሥራ ላይ አዋሉት። በኔ ግምት ይህ የሆነው አሠራሩ ቀላል ስለሆነ ነው። ውጭ ያሉ ሲሊንደሮች፣ ወፍራም ዘንግ፣ ቶርኖ ቤት ባለው ሁሉ ሊታደስ የሚችል ነገር ነው። መስመሩ 366 ኪሎሜትር ሆኖ በ1912 ተጠናቀቀ። ግን ምን ዋጋ አለው፣ በዚያው ሰሞን የእስያ የጎማ እርሻዎች ምርት ገበያውን አጥለቀለቀው፣ የአማዞን ጎማ ዋጋ ወደቀ። ባቡሩ እየተንገታገተ እስከ 1972 ሠራ። «ኮሮኔል ቸርች» ዛሬ ፖርቶ ቬሎ ከተማ ይገኛል።

የዳገት ነገር ከተነሳ ደግሞ ኢኳዶርን መዝለል አልችልም። ከጓያኪል ወደብ ወደ ኪቶ የሚወጣውን መስመር ፕሬዚዳንት ኤሎይ አልፋሮ ለቨርጂኒያው አርቸር ሃርማን ሰጡት። በሺህ የሚቆጠሩ ሠራተኞች ከጃማይካ መጡ። አላውሲ ከተማ ሳይደርሱ «የሰይጣን አፍንጫ» የሚባል ገደል ፊት ለፊት ቆመ። ዙሪያውን ዞሮ መውጣት አይቻልም። ስለዚህ ሐዲዱ በገደሉ ፊት ላይ በዚግዛግ ተቀረጸ። ባቡሩ ወደፊት ሄዶ ይቆማል። የሐዲዱ ማዞሪያ ይገለበጣል። በኋሊት እየገፋ ይወጣል። ደግሞ ይቆማል፣ ይገለበጣል፣ ወደፊት ይወጣል። ተዳፋቱ በየኪሎሜትሩ እስከ 55 ሜትር ይደርሳል።

ይህ ለሎኮሞቲቭ ምን ማለት እንደሆነ ትንሽ ሒሳብ ልሥራልሽ። በነጂ ጎማዎቹ ላይ 40 ቶን ክብደት ያለበት ሎኮሞቲቭ እንበል። ጎማ ሳይንሸራተት የሚገኘው ጉልበት የክብደቱ ሩብ ያህል ነው፣ ማለትም 10 ቶን። ሜዳ ላይ አንድ ቶን ጭነት ለማስኬድ 5 ኪሎግራም ገደማ ጉልበት ይበቃል። ስለዚህ በቀስታም ቢሆን 2,000 ቶን ይጎትታል። 55 ሜትር በሚወጣ ኪሎሜትር ላይ ግን ለየቶኑ 60 ኪሎግራም ያስፈልጋል። 10,000 ለ60 ስታካፍይው 166 ቶን ነው። ከዚያ ላይ ሎኮሞቲቩ ራሱ ከነውኃውና ከነነዳጁ 70 ቶን ቢሆን ለፉርጎዎቹ የሚተርፈው ከ100 ቶን በታች ነው። ኩርባው የሚቀንሰውን ሳንቆጥር!

መሐንዲሶቹ 2-8-0 የሚሉትን ዓይነት የመረጡት ለዚህ ነው። ከፊት 2 መሪ ጎማ፣ መሐል 8 ነጂ ጎማ፣ ከኋላ ምንም። ክብደቱ ከሞላ ጎደል ሁሉ ነጂዎቹ ላይ ያርፋል። ጎማዎቹ ትናንሽ ናቸው፣ ፍጥነት የለም፣ ጉልበት ግን አለ። ቦይለሩ ላይ ጉብ ያለ ቆብ የሚመስል ነገር ታያለሽ። አንደኛው እንፋሎት መሰብሰቢያ ነው፣ ሌላኛው የአሸዋ ሣጥን ነው። አሸዋውን ቦይለሩ አናት ላይ ያስቀመጡት ሙቀቱ እንዲያደርቀው ነው። እርጥብ አሸዋ በቧንቧው አይወርድም። ሐዲዱ በጤዛ ሲረጥብ ነጂው ገመዱን ይስባል፣ አሸዋው ጎማው ሥር ይፈስሳል፣ ጎማው ይነክሳል።

ባቡሩ ኪቶ የገባው ሰኔ 25 ቀን 1908 ነው። ነገሩ መራራ መጨረሻ አለው። በ1912 አልፋሮ ተይዘው ከጓያኪል ወደ ኪቶ የተወሰዱት በዚያው ባሠሩት ባቡር ነው። እዚያም ሕዝብ ወህኒ ቤት ሰብሮ ገብቶ ገደላቸው። የባልድዊን ሎኮሞቲቮች ግን እስከ ቅርብ ዓመታት ቱሪስት ያመላልሱ ነበር። የመንግሥት ባቡር ድርጅቱ እንዲፈርስ የተወሰነው በ2020 ነው።

ሌሎቹን ቶሎ ቶሎ ልበላቸው። ኮሎምቢያ ውስጥ በ1874 የአንቲዮኪያን መስመር ውል የያዘው ፍራንሲስኮ ሃቪየር ሲስኔሮስ የሚባል ኩባዊ መሐንዲስ ነው፤ ከኒው ዮርክ ነበር የመጣው። አገሪቱ ብዙ ባልድዊን ገዝታለች። ደቡብ ብራዚል ቱባራው አካባቢ ያለው የከሰል መስመር ደግሞ በአንድ ሜትር ሐዲድ ላይ 2-10-4 የሚባሉ ግዙፍ የአሜሪካ ሎኮሞቲቮችን እስከ 1980ዎቹ ነድቷል። የአርጀንቲናው የፓታጎኒያ ባቡር፣ «ላ ትሮቺታ» የሚሉት፣ ለየት ይላል። መንግሥት በ1922 ሲያዝዝ 25 ከባልድዊን፣ 50 ከጀርመኑ ሄንሽል ገዛ። አንደኛው የዓለም ጦርነት ሲነሳ የአውሮፓ ፋብሪካዎች በጥይትና በመድፍ ሥራ ተጠምደው ነበር፣ አሜሪካም ገበያውን ሰብስባ ይዛ ነበር። ይህ ትእዛዝ ጀርመኖቹ ተመልሰው መምጣታቸውን ያሳያል። መስመሩ 402 ኪሎሜትር ነው፣ ኤስኬል ከተማ የደረሰው በ1945 ነው። የሚነዳው በከባድ ጥቁር ናፍጣ ነው። አሁን የሚሠራው በከፊል ነው፤ መለዋወጫውን ግን ኤል ማይቴን ያለው ጋራዥ ራሱ ይሠራል። ባልድዊን የእንፋሎት ሥራውን ካቆመ ስንት ዘመኑ!

ወደ ሰሌዳሽ ልምጣ። ዕድሜውን ማወቅ ይቻላል። የባልድዊን ክብ ሰሌዳ ላይ የፋብሪካው ስም፣ ተከታታይ ቁጥርና ብዙ ጊዜ ዓመቱ አለ። ዓመቱ በቀለም ብዛት ተደፍኖ ከሆነ ከሥር ያሉትን የባለቤቶች ስም ተመልከቺ። «በርንሃም፣ ፓሪ፣ ዊሊያምስ» ካለ ከ1873 እስከ 1890 ገደማ ነው። «ፓሪ» ጠፍቶ «በርንሃም፣ ዊሊያምስ» ብቻ ከሆነ ከዚያ እስከ 1909 ነው። ምንም የሰው ስም ከሌለ ከ1909 ወዲህ ነው፣ ያኔ ፋብሪካው አክሲዮን ማኅበር ሆኗል።

ቁጥሩ ከተነበበ ደግሞ እሰየው። 5,000ኛው ሎኮሞቲቭ የወጣው በ1880 ነው። 10,000ኛው በ1889፣ 20,000ኛው በ1902፣ 30,000ኛው በ1907፣ 40,000ኛው በ1913፣ 50,000ኛው በ1918፣ 60,000ኛው በ1926። ፍጥነቱን አየሽው? የመጀመሪያው 10,000 ከሃምሳ ዓመት በላይ ፈጀ፣ ከ20,000 እስከ 30,000 ግን አምስት ዓመት ብቻ።

የባልድዊን መዝገብ ላይ «8-18-ሲ» የሚመስል ነገር ካጋጠመሽም አትደናገሪ። የመጀመሪያው ቁጥር ጠቅላላ የጎማ ብዛት ነው። ሁለተኛውን ለሁለት ታካፍይና 3 ትጨምሪበታለሽ፣ የሲሊንደሩን ስፋት በኢንች ታገኛለሽ። እዚህ ላይ 9 ሲደመር 3፣ 12 ኢንች። ፊደሉ የነጂ ጎማ ብዛት ነው፤ ሲ 4፣ ዲ 6፣ ኢ 8፣ ኤፍ 10። ስለዚህ 4 ነጂ ጎማ ያለው ትንሽ የተሳፋሪ ሎኮሞቲቭ ነው።

ቁጥሩን ከያዝሽ ቴክሳስ፣ ዳላስ ከተማ ሳውዘርን ሜቶዲስት ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ያለው የዴጎልየር ቤተ መጻሕፍት የባልድዊንን የትእዛዝ መዛግብት ይዟል። ለየትኛው መስመር፣ በምን ልክ፣ ምን ነዳጅ እንዲያቃጥል እንደታዘዘ እዚያ ይገኛል። አንድ ነገር ግን ተጠንቀቂ። ሰሌዳው በብሎን የታሰረ ነው። ጋራዥ ውስጥ ከአንዱ ሎኮሞቲቭ ወደ ሌላው ሲዛወር ኖሯል፣ ሰብሳቢዎችም ይሰርቁታል። ስለዚህ ጎማዎቹን የሚያገናኙት ዘንጎች ላይና ሲሊንደሩ አካባቢ የተመታ ቁጥር ካለ እሱንም ፎቶ አንሺ። ዘንግም ቢሆን ይቀያየራል። ብዙ ቦታ ላይ ተደጋግሞ የምታገኚውን ቁጥር ያዢ።